ቤታችንን ሊረጩ ከሚመጡት ሰዎች ጀርባ፦ የቀድሞ የተባይ ማጥፊያ ሠራተኞች ቅሬታ ምን ይነግረናል?

በረሮ፣ ትኋን፣ አይጥ ወይም ምስጥ ያስቸገረው ሰው ብዙ አማራጭ የለውም። በራሱ ሞክሮ ሲያቅተው ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው መርጫውን በጀርባው አዝሎ ይመጣል፣ ግማሽ ሰዓት ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ወረቀት ያስፈርማል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። የቤቱ ባለቤት ምን ዓይነት መድኃኒት እንደተረጨ፣ ስንት እጅ ውኃ እንደተቀላቀለበት፣ ምስጡ በእርግጥ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሥጋ ስንገዛ ሥጋውን እናያለን፤ ጨርቅ ስንገዛ እንዳስሰዋለን። ይህ አገልግሎት ግን ከሞላ ጎደል በእምነት ብቻ የሚገዛ ነው። በእኛ ቋንቋ አማና ነው።

በዚህ ምክንያት፣ ሥራውን ለቀው የወጡ ሠራተኞች የሚናገሩት ነገር ትልቅ ዋጋ አለው። መርጫው ውስጥ የነበረውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ኢንዱስትሪው በስፋት በተደራጀበት በአሜሪካ የቀድሞ ሠራተኞች ለዓመታት ተመሳሳይ ቅሬታ ሲያሰሙ ቆይተዋል። በዘርፉ የተፈጸሙ አንዳንድ ጥፋቶችም በፍርድ ቤትና በመንግሥት ምርመራ ታይተዋል። በዚህ ጽሑፍ ቅሬታዎቹ ምን እንደሆኑ፣ ለምን እንደሚፈጠሩ፣ እንዴት ልንመዝናቸው እንደሚገባና በአገር ቤትም ሆነ በውጭ ለምንኖር ሰዎች ምን ትርጉም እንዳላቸው እንመለከታለን።

ቅሬታዎቹ ምንድን ናቸው?

የቀድሞ ሠራተኞች ከሚያነሷቸው ነገሮች የመጀመሪያው የጊዜ ጉዳይ ነው። አንድ ቴክኒሻን በቀን ሊያዳርሳቸው የሚገቡ ቤቶች ዝርዝር ይሰጠዋል። ዝርዝሩ ሲበዛና መንገዱ ሲዘጋጋ በእያንዳንዱ ቤት የሚቀረው ጊዜ የደቂቃዎች ብቻ ይሆናል። በደንብ መፈተሽ፣ ተባዩ የሚገባበትን ቀዳዳ መፈለግ፣ ከቤቱ ባለቤት ጋር መነጋገር ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የይስሙላ ርጭት ይመጣል፤ በር አካባቢ ትንሽ ይረጫል፣ ደረሰኝ ይተዋል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አንዳንዴም ሠራተኛው ሳይገባ እንደገባ ሆኖ ይመዘገባል፣ በደንበኛው ስም የሚፈርምም አይጠፋም።

ሁለተኛው የሽያጭ ጫና ነው። ደመወዙ ትንሽ ሆኖ ቀሪው በኮሚሽን የሚታሰብለት ሠራተኛ ተባይ ባገኘ ቁጥር ገቢው ይጨምራል። እንዲህ ያለ አከፋፈል ባለበት፣ ያልነበረ ምስጥ «መገኘቱ»፣ የቆየና የሞተ ጉዳት እንደ አዲስ መቅረቡ፣ አንድ ጊዜ ቢረጭ የሚበቃው ቤት የዓመት ውል መግባቱ አያስገርምም። ፈታሹም ሻጩም አንድ ሰው ሲሆን የምርመራው ውጤት ከኪሱ ጋር ይታሰራል።

ሦስተኛው ከቤት ወደ ቤት የሚደረገው ሽያጭ ነው። በአሜሪካ በበጋ ወራት ተማሪዎችና ወጣቶች ተቀጥረው ወደማያውቁት ከተማ ይላካሉ፤ በየሰፈሩ በር እያንኳኩ ውል ያስፈርማሉ። «ጎረቤትዎ ዛሬ እያስረጨ ነው፣ ተባዩ ወደ እርስዎ ይሸሻል» የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው። ከወጣቶቹ ቅሬታ ውስጥ ሲቀጠሩ የተነገራቸው ገቢና በመጨረሻ የደረሳቸው አለመመጣጠኑ፣ ከክፍያቸው ከፊሉ እስከ ወቅቱ ማብቂያ ተይዞ መቆየቱ፣ ደንበኛ ውሉን ሲሰርዝ ደግሞ ከነሱ መቆረጡ ይገኝበታል። ለደንበኛው የማይነገረው ነገር በውሉ ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ ውሉ በራሱ ጊዜ እንደሚታደስና ቀድሞ ለማቋረጥ ቅጣት እንዳለው።

አራተኛው የሠራተኛው የራሱ ጤና ነው። ጓንት፣ መነጽርና የመተንፈሻ ጭንብል በወረቀት ላይ ግዴታ ሆነው በተግባር ሳይሰጡ መቅረት፣ በቂ ሥልጠና ሳይኖር መድኃኒት ማዘጋጀት፣ ልብስን ቤት ወስዶ ከልጆች ልብስ ጋር ማጠብ ከሚነሱት ውስጥ ናቸው። ደንበኛው ለአንድ ሰዓት የሚሸተውን ነገር ሠራተኛው በየቀኑ ይተነፍሰዋል።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

እነዚህን ቅሬታዎች አንድ ላይ ስናያቸው «መጥፎ ሰዎች አሉ» ከሚለው የሚያልፍ ነገር ይታያል። ያው ሠራተኛ በጥሩ ድርጅት ውስጥ ጥሩ ይሠራል፤ በቀን ከአቅሙ በላይ ቤት ሲሰጠው ደግሞ ይሰርቃል፤ የሚሰርቀው ጊዜን ነው። አለቃው «አጭበርብር» ብሎ አያዝዘውም። ቁጥር ብቻ ይጠይቀዋል፣ ቁጥሩን ላመጣ ጉርሻ ይሰጣል፣ ላላመጣ ሥራውን ይነጥቃል። ስለዚህ ትዕዛዙ ሳይነገር ይፈጸማል። ጥፋቱ ሲገለጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚባረረው መርጫውን የያዘው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ተጠያቂነቱ የሚዘገይ መሆኑ ነው። ሐሰተኛ የምስጥ ፍተሻ የሚጋለጠው ከዓመታት በኋላ ጣሪያው ሲወርድ ነው። ያኔ ሠራተኛው ለቋል፣ ቅርንጫፉ ተሸጧል፣ የቤቱ ባለቤትም ተቀይሯል።

በሕግ ፊት የታዩ ጉዳዮች

በአሜሪካ ሕግ አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። በ1947 የወጣውና በ1972 በሰፊው የተሻሻለው የፀረ-ተባይ ሕግ ማንኛውም መድኃኒት በዕቃው ላይ ከተለጠፈው መመሪያ ውጭ እንዳይረጭ ይከለክላል። መመሪያው «ለእርሻ ብቻ» ካለ በመኖሪያ ቤት ውስጥ መርጨት ወንጀል ሊሆን ይችላል። ሦስት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው በሚሲሲፒ ግዛት በ1996 የታወቀው ነው። ለጥጥ እርሻ የሚውል ሜቲል ፓራታይዮን የተባለ ኃይለኛ መርዝ ፈቃድ በሌላቸው ሰዎች በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ ለበረሮ ሲረጭ ቆይቷል። ዋጋው ርካሽ ነበር፣ በረሮውም በእርግጥ ይሞት ነበር፤ ሰዉም እየተቀባበለ ያስረጭ ነበር። ይህ መድኃኒት ከቤት ውጭ ፀሐይና ዝናብ ሲያገኘው ይበተናል፣ በቤት ውስጥ ግን በግድግዳና በምንጣፍ ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተው በጊዜያዊ መጠለያ መቆየት ግድ ሆነባቸው። የብዙዎቹ ቤት ግድግዳና ወለል ተነቅሎ እንደገና ተሠራ። ከዚያ ቀደም በ1994 በኦሃዮ ግዛት ሎሬን በተባለ አካባቢ ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ነበር። «የሚሠራ መድኃኒት» ማለት «ለሰው የማይጎዳ መድኃኒት» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው በአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች የደረሰው ነው። በመጋቢት 2015 (እ.ኤ.አ.) ለእረፍት ወደ ሴንት ጆን ደሴት የሄደ አራት አባላት ያሉት ቤተሰብ በተከራየበት ቤት ሳለ በጠና ታመመ። ከነሱ በታች ባለው ክፍል ቴርሚኒክስ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ሜቲል ብሮማይድ የተባለ ጋዝ ተጠቅሞ ነበር። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በአሜሪካ በመኖሪያ ቤት ውስጥ እንዳይውል ከተከለከለ ከ1984 ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ምርመራው ሲቀጥል ጋዙ በደሴቶቹ ላይ በሌሎች መኖሪያ ቦታዎችም ጥቅም ላይ መዋሉ ታወቀ። ኩባንያው ጥፋተኝነቱን አምኖ በቅጣትና በወጪ ካሳ ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተወሰነ። ቤተሰቡ ግን በነርቭ ላይ ከደረሰ ከባድ ጉዳት ጋር ቀረ። ማንም ሊገድላቸው ያሰበ አልነበረም። የተከለከለ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነበር፣ ሥራው ቶሎ ማለቅ ነበረበት፣ የከለከለም አልነበረም።

ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። በአላባማ ግዛት በሞባይልና በአካባቢው ፎርሞሳን የተባለ ኃይለኛ የምስጥ ዝርያ ቤቶችን ይበላል። ነዋሪዎች በየዓመቱ እየከፈሉ የምስጥ ዋስትና ውል ይገባሉ። የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ባደረገው ምርመራ፣ ይኸው ቴርሚኒክስ ክፍያውን እየተቀበለ ተገቢውን አገልግሎት አልሰጠም፣ የካሳ ዕዳው ሲከብደው ደግሞ ደንበኞቹ ራሳቸው ውሉን እንዲተዉ ዋጋውን እጅግ አናረ የሚል ክስ ቀረበ። ጉዳዩ በኅዳር 2020 (እ.ኤ.አ.) በስምምነት ሲዘጋ ኩባንያው 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማማ። ከተጎዱት ብዙዎቹ በጡረታ የሚኖሩና ለዓመታት ሳያቋርጡ የከፈሉ ሰዎች ነበሩ።

ከዚህ ጋር አንድ የጤና መረጃ እንጨምር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2011 ባወጣው ዘገባ በሰባት ግዛቶች ከ2003 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ለትኋን በተረጩ መድኃኒቶች ምክንያት 111 ሰዎች መታመማቸውንና አንድ ሰው መሞቱን መዝግቧል። አብዛኞቹ ቀላል ሕመም ነበሩ። ከምክንያቶቹ መካከል ከሚገባው በላይ መርጨት፣ የተረጨውን አልጋ ልብስ ሳያጥቡ መጠቀምና ለሌሎች ሰዎች በቂ ማስጠንቀቂያ አለመስጠት ይገኙበታል።

የቀድሞ ሠራተኛን ቃል እንዴት እንመዝን?

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። ተባርሮ የወጣ ሰው ቂም ሊኖረው ይችላል፤ የተፎካካሪ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ የሚያወራም አለ። ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘናል፤ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት። ስለዚህ የአንድ ሰው ንግግር ብቻውን ድርጅትን ለመኮነን አይበቃም።

ግን ማጣራት ማለት መተው አይደለም። የማይተዋወቁ ሰዎች፣ በተለያየ ከተማና በተለያየ ዓመት የሠሩ፣ አንድ ዓይነት ነገር ሲናገሩ ክብደት ይኖረዋል። ሰነድ ሲኖር ደግሞ ይበልጣል። ቴክኒሻኑ በአንድ ቀን ያስመዘገባቸው ቤቶች ብዛትና በመካከላቸው ያለው መንገድ፣ የወጣው መድኃኒት መጠንና የተረጩት ቤቶች ቁጥር፣ በደረሰኙ ላይ ያለው የደንበኛ ፊርማ ሊመሳከሩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። «ሃያ ቤት ረጨሁ» ብሎ ለአምስት ቤት የሚበቃ መድኃኒት ብቻ ያወጣ ሰው ስሌቱ ራሱ ይመሰክርበታል።

ብዙ ሙስሊም ሠራተኞች የሚያነሱት ሌላ ጥያቄ አለ፦ «የሠራሁበትን ድርጅት ነውር ማውራት ሐሜት አይሆንብኝም ወይ?» ሐሜት ትልቅ ወንጀል መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ኢማም ነወዊ (ረሒመሁላህ) በሪያዱ ሷሊሒን ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ምክንያቶች ዘርዝረዋል። ከነሱም ውስጥ የተበደለ ሰው ሊፈርድለት ለሚችል አካል አቤት ማለቱ፣ ክፉን ለማስወገድ እርዳታ መጠየቅና ሰዎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅ ይገኛሉ። ስለዚህ ልጆች በሚተኙበት ክፍል የተከለከለ መርዝ መረጨቱን ለሚመለከተው አካል መናገር ሐሜት አይባልም። ዝም ማለት ነው የሚያስጠይቀው። ገደቡ ግን መጠበቅ አለበት፤ ያዩትን ብቻ መናገር፣ አለመጨመር፣ ሊያስተካክለው ወደሚችል አካል ማድረስ፣ የአለቃን የግል ሕይወት ከጉዳዩ ጋር አለማደባለቅ።

ከንግዱ አንጻርም ነገሩ ግልጽ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ሲያገኙ ባለቤቱን የጠየቁትና ማታለልን አጥብቀው ያወገዙበት ዘገባ በሶሒሕ ሙስሊም የሚገኝ ነው። እርጥቡ ከታች፣ ደረቁ ከላይ ነበር። መድኃኒቱን በውኃ አቅጥኖ ሙሉ ዋጋ የሚቀበል ሰው ሥራው ከዚህ አይለይም፤ በሱረቱል ሙጠፊፊን ከተወገዘው ሚዛን ማጉደልም ጋር ይገናኛል። አሠሪውም ነፃ አይወጣም። የሠራተኛን ዋጋ ማዘግየትና መቁረጥ፣ ከአቅም በላይ ማሠራት በዲናችን የተከለከለ ነው።

በዐረብ አገራት ለምትኖሩ፦ የጎረቤት ጋዝ

በባሕረ ሰላጤው አገራት ያለው አደጋ ሌላ መልክ አለው። ለእህል መጋዘን የሚውለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለ እንክብል ለትኋንና ለበረሮ ተብሎ በመኖሪያ ቤቶች ይቀመጣል። እንክብሉ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅ፣ በቱቦና በአየር ማቀዝቀዣ መስመር ወደ ጎረቤት ክፍል ይገባል። ስለዚህ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱን ያስቀመጠው ሰው አይደለም፤ እሱ ቤቱን ዘግቶ ሄዷል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) በጂዳ ከተማ ሁለት ሕፃናት የሞቱት በጎረቤት ቤት በተቀመጠ እንዲህ ባለ መድኃኒት ነበር።

የፎስፊን መመረዝ ምልክቱ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ነው። ምግብ መመረዝ ስለሚመስል ብዙዎች ይዘናጋሉ። መድኃኒቱን የሚያረክስ ማርከሻ የለውም፤ የሚያድነው ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር መውጣትና ሆስፒታል መድረስ ነው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ካመማቸው፣ በተለይ የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ ካለ፣ ሁሉንም ይዞ መውጣትና ለሐኪሙ «በአካባቢያችን ተባይ ማጥፊያ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል» ማለት ያስፈልጋል። በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችን መድኃኒት ተረጭቶ ወዲያው ግቢና አጽጂ ብትባሉ፣ ወይም በተረጨ ክፍል ተኚ ብትባሉ፣ እምቢ የማለት ምክንያት አላችሁ። ሕይወት ከሥራ ይበልጣል።

በአገር ቤትስ?

በኢትዮጵያ የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይሸጥ ከልክሏል። የግብርና ፀረ-ተባዮችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። በገበያው ላይ ግን ለእርሻ የመጡ መድኃኒቶች በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዱ ያለ ስምና ያለ መመሪያ ሲሸጡ እናያለን። ለነቀዝ በእህል ጎተራ የሚቀመጠው ፎስቶክሲንም ከላይ የተናገርነው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ ሰው በሚተኛበት ክፍል ከእህል ጋር ማስቀመጥ አደገኛ ነው።

አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ በአንድ ትምህርት ቤት የመማሪያ ክፍሎቹ ለቁንጫ ተረጭተው መስኮትና በር እንደተዘጋ ሰኞ ጠዋት ሕፃናት ሲገቡ አይቻለሁ። ምን እንደተረጨ ጠይቀን የሚመልስልን አላገኘንም። የረጨው ሰው ተከፍሎት ሄዷል፣ ወረቀት አልተወም። መስጂዶቻችንና መድረሳዎቻችን ምንጣፍ ስላላቸው በቁንጫና በትኋን ምክንያት ይረጫሉ። ሰጋጅ ግንባሩን የሚያሳርፍበት፣ ሕፃን ቁጭ ብሎ የሚቀራበት ቦታ ስለሆነ የመስጂድ ኮሚቴዎች ከማንም በላይ ጠያቂ መሆን አለባቸው።

ምን እንጠይቅ? ምን እናድርግ?

ለደንበኞች፦

• ከመረጨቱ በፊት የመድኃኒቱን ስም ጠይቁ፣ በዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስም የሌለው ጠርሙስ ይዞ የመጣን ሰው መልሱት።

• ተባይ አለ ከተባላችሁ በዓይናችሁ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ለትልቅ ወጪ ሁለተኛ ድርጅት አስፈትሹ።

• ከስንት ሰዓት በኋላ ቤት እንደሚገባ፣ ስንት ሰዓት አየር መግባት እንዳለበት፣ ዕቃና ልብስ ምን መደረግ እንዳለበት በጽሑፍ ተቀበሉ። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

• በር ላይ ቆማችሁ አትፈርሙ። በአሜሪካ የምትኖሩ፣ ቤታችሁ ድረስ ለመጣ ሻጭ ከ25 ዶላር በላይ ውል ከፈረማችሁ በፌደራል ደንብ መሠረት በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ። መሰረዙን በጽሑፍ አድርጉ።

• ውሉ በራሱ ይታደሳል ወይ? ለማቋረጥ ስንት ይከፈላል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ።

በዘርፉ ለምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፦

• የመድኃኒቱን መመሪያ ራሳችሁ አንብቡ። «አለቃዬ አዘዘኝ» የሚለው በሕግም በአላህም ፊት ሁልጊዜ አያድንም።

• የተጠቀማችሁበትን መድኃኒት፣ ቀኑንና መጠኑን በራሳችሁ ደብተር መዝግቡ። አንድ ቀን ራሳችሁን የምትከላከሉበት ማስረጃ ይሆናል።

• ያልሠራችሁትን ሠርቻለሁ ብላችሁ አትፈርሙ፣ በደንበኛ ስምም አትፈርሙ። ቅሬታችሁን መጀመሪያ በውስጥ በጽሑፍ አቅርቡ፤ ካልተሰማ ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሂዱ።

• መከላከያ ልብስ ሳይሰጣችሁ አትርጩ። የሥራ ልብሳችሁን ከቤተሰብ ልብስ ለይታችሁ እጠቡ።

ለድርጅት ባለቤቶች ያለው መልእክት አጭር ነው። ሠራተኛውን በቁጥር ብቻ ከለካችሁት ቁጥር ያመጣላችኋል፤ ሥራውን ግን ላይሠራው ይችላል። ፈታሹን ከሻጩ መለየት፣ በቀን የሚዳረሰውን ቤት መቀነስና ደመወዝን በኮሚሽን ላይ ብቻ አለማንጠልጠል ከብዙ ክስ ያድናል።

ሐላል ሪዝቅ የሚገኝበት የተከበረ ሙያ ነው፤ ከሰው ቤት ጎጂን ማስወገድ ራሱ መልካም ሥራ ነው። በአገራችንም በውጭም በታማኝነት የሚሠሩ ብዙዎች አሉ፤ ከርካሹና ከፈጣኑ ጋር እየተወዳደሩ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ደንበኛ ሲጠይቅ፣ ሠራተኛም ያየውን ሲናገር፣ ታማኙን ድርጅት ይጠቅማል። በሚቀጥለው ጊዜ መርጫ ያዘለ ሰው በራችሁን ሲያንኳኳ ከዋጋው በፊት «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወላሁ አዕለም።